አለቃ ደረጃ ላይ ያዘዘውን ሥራ እንዴት ነው የምትይዙት? ስለ ቢሮ ደብዳቤ፣ ስብሰባና ቴሌግራም ምክር ፈላጊ ነኝ

የሞጆ መንገደኛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ግዥና ሎጂስቲክስ ላይ ነው የምሠራው። በቅርቡ ቡድን መሪ ተደርጌያለሁ። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ የባንኩን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የሞጆ ደረቅ ወደቡን ጣጣ ሁሉ። የከበደኝ ማውራትና መጻፉ ነው።

አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው። ግን ትእዛዝ የሚሰጠው ደረጃ ላይ ስንገናኝ ወይም መኪና እየነዳ በስልክ ነው። «ያችን የቱርክ ነገር ጨርሺያትማ» ይለኛል። እጨርሳታለሁ። ሳምንት ቆይቶ ፋይናንስ ሲጠይቅ «ይህን ማን አዘዘሽ?» ይመጣል። የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ የእውነት ረስቶታል።

የቴሌግራም ግሩፓችንም ሌላ ጉድ ነው። የበዓል ምኞት፣ የልደት ኬክ፣ የኮንቴነር ቁጥር፣ ሁሉም እዚያው ነው። ባለፈው አጓጓዡ «መኪናው 3 ሰዓት ይገባል» ብሎ ጻፈ። የመጋዘን ልጆች ጫኝና አውራጅ ጠርተው ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሙ። መኪናው የገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው ለካ ከጅቡቲ ወኪል የመጣለትን የፈረንጅ ሰዓት እንዳለ ገልብጦ ነው። ጫኞቹ የቀን ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ሌላ ቡድን ተፈለገ፣ ሌላ ክፍያ ወጣ። ወቀሳው ግን ለእኔ ነው።

ደብዳቤ ስጽፍ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመለስልኛል። ምኑ ላይ እንደተበላሸ የሚነግረኝ የለም። ስብሰባ ላይ ደግሞ አፌ ይተሳሰራል። የማውቀውን ነገር ሌላ ሰው አጣሞ ሲናገረው ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ከየት ልጀምር?

———

ባለ ሳይት፦

እህቴ፣ የደረጃ ትእዛዙን ለእኔ ተዪው። እኛ ኮንስትራክሽን ውስጥ ያለን ሰዎች በዚህ ነገር ገንዘብ ስንከስር ነው የኖርነው።

አማካሪው መሐንዲስ ሳይት ይመጣል። «ይህን ግድግዳ አፍርሱት፣ በዚያ በኩል አድርጉት» ይላል። ይፈርሳል። ክፍያ ሲጠየቅ «የጽሑፍ ትእዛዙ የታለ?» ይባላል። ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ለዚህ መላ አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የፊዲክ ውል እንዲህ ይላል። መሐንዲሱ በቃል ካዘዘ፣ ተቋራጩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ «እንዲህ ብለህ አዘኸኛል» ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጣል። መሐንዲሱ ማረጋገጫው በደረሰው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ፣ ያ ማረጋገጫ ራሱ እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል።

ቁም ነገሩ የሚጽፈው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አዛዡ እስኪጽፍ አይጠበቅም። ታዛዡ ይጽፋል። አለቃሽ በጽሑፍ እንዲያዝ ማስተማር አትችዪም። ስልኩ እንደተዘጋ አንቺ መጻፍ ግን ትችያለሽ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦

«ኢንጂነር፣ አሁን በስልክ እንዳወራነው፦ የምሥራቁን ግድግዳ ዛሬ ከሰዓት እናፈርሳለን። አዲሱ በ2ኛው ረቂቅ ስዕል መሠረት ይሠራል። የተጨማሪ ሥራውን ዋጋ ሐሙስ አቀርባለሁ። የተሳሳተ ካለ ከመጀመራችን በፊት ይንገሩኝ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነች። የመጨረሻዋን ግን እንዳትረሺ። ዝም ካለ እቀጥላለሁ ማለትሽ ነው።

———

ቢሮ ሰለቸኝ፦

ባለ ሳይት፣ ወረቀት ላይ ያምራል። የእኔን አለቃ እንዲህ ብዬ ብጽፍለት «ምነው፣ ልትከሰኝ ነው እንዴ?» ይለኛል። እኛ ሀገር ሰው በጽሑፍ ሲጠየቅ እንደተጠረጠረ ነው የሚቆጥረው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ እኛ ቢሮ በጽሑፍ ያለ ያስወቅሳል።

ሁሉን ነገር መመዝገብ ደግሞ መተማመን ያጠፋል። አብረን ቡና የምንጠጣ ሰዎች «እንዳወራነው» እየተባባልን መጻጻፍ ከጀመርን ያለው ነገር አልቋል።

———

ባለ ሳይት፦

ቢሮ ሰለቸኝ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ነገሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። «እርስዎ እንዲህ ብለዋል» ካልክ ክስ ነው። «እንዲህ ልሠራ ነው» ካልክ ሪፖርት ነው። ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራስህ ሥራ ጻፍ። የእኔን እንደገና እየው፤ «አዘዋል» የሚል ቃል የለበትም። ሁሉም «እናፈርሳለን»፣ «አቀርባለሁ» ነው።

ደግሞ ነገር ከተበላሸ በኋላ ብቻ የምትጽፍ ከሆነ በእርግጥ ትጠረጠራለህ። ሁሌ የምትጽፍ ከሆነ ግን ጠባይህ ነው ተብሎ ይታለፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይስቁብሃል። ከዚያ «እስቲ ያችን መልእክትህን ላክልኝ» ማለት ይጀምራሉ።

———

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤትና በጽሕፈት ሥራ ነው የጨረስኩት። የሞጆ መንገደኛ፣ ልጄ፣ በቀይ ተዥጎርጉሮ የተመለሰውን ደብዳቤ እስቲ እዚህ አምጪው። የሰዎቹን ስም አውጪና ለጥፊው። ሳናየው ስለ ደብዳቤ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

———

የሞጆ መንገደኛ፦

እሺ ጋሼ፣ እንዳይስቁብኝ ብቻ። ለአጓጓዡ ድርጅት ያረቀቅኩት ነው፤

«ጉዳዩ፦ ትብብርን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ድርጅታችን በአስመጪነት ሥራ ላይ ተሰማርቶ የሚገኝ መሆኑ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከድርጅታችሁ ጋር በገባነው ውል መሠረት የንብረት ማጓጓዝ ሥራ እየተሠራ ያለ ቢሆንም፣ ከመድረሻ ሰዓት ጋር በተያያዘ በሚከሰቱ አንዳንድ አለመጣጣሞች ምክንያት ድርጅታችን ለአላስፈላጊ ወጪ እየተዳረገ ስለሚገኝ፣ በእናንተ በኩል አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በአክብሮት እየጠየቅን፣ ስለሚደረግልን ቀና ትብብር ሁሉ በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሠላምታ ጋር»

ከፋይል ያሉ የድሮ ደብዳቤዎችን አይቼ ነው የጻፍኩት። ሁሉም እንዲህ ናቸው።

———

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት፦

አልስቅም። ከዚህ የባሰ የፈረሙ ሚኒስትሮች አይቻለሁ።

ደብዳቤሽ እዚያ ድርጅት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ገቢ መዝገብ ላይ ታሰፍረዋለች። የምታነበው «ጉዳዩ» የሚለውን ብቻ ነው። «ትብብርን ይመለከታል» ይላል። የምን ትብብር? መዋጮ ይሁን፣ የስፖንሰር ጥያቄ ይሁን አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከብዙ ደብዳቤ ጋር ይቀመጣል። እሱ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ጎኑ ላይ «ተመልክታችሁ አስፈጽሙ» ብሎ ይመራዋል። ለማን? ለሚመስለው ክፍል። የተመራለት ሰው ሦስት ጊዜ አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ካላገኘ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። ደብዳቤሽ አልጠፋም፤ በሥርዓቱ ተቀብሯል።

የድሮውን አጻጻፍ አልንቅም። አክብሮቱ ጥሩ ነው። ግን አክብሮት አንድ ጊዜ ይበቃል። ሰውየው ደግሞ ድርጅትሽ አስመጪ መሆኑን ያውቃል፤ ውል ተዋውሎ የለ! «አንዳንድ አለመጣጣሞች» ያልሽው አንድ የታወቀ ቀን የሆነ፣ ገንዘብ ያስወጣ ነገር ነው። ለምን ደበቅሽው? «አስፈላጊው ትብብር» ያልሽውስ ምንድን ነው? አንቺ ካልነገርሽው እሱ ፈልጎ አያገኘውም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፤

«ጉዳዩ፦ የጭነት መድረሻ ሰዓት ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

መኪኖቻችሁ መጋዘናችን ከመድረሳቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብላችሁ የሰሌዳ ቁጥር፣ የኮንቴነር ቁጥርና የመድረሻ ሰዓት በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ ወይም ከቀኑ ተብሎ ይገለጽ።

ባለፈው ሳምንት «3 ሰዓት ይገባል» የተባለ መኪና የደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ከፍለናል።

በዚህ አሠራር መስማማታችሁን እስከ መጪው ዓርብ በጽሑፍ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር»

ልዩነቱን እይው። ጥያቄው ፊት ነው፣ ምክንያቱ ከኋላ። አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ነው። ያለፈውን ገንዘብ መጠየቅ ከፈለግሽ ሌላ ደብዳቤ ጻፊ፤ ሁለቱን ከቀላቀልሻቸው በገንዘቡ ሲከራከሩ የሰዓቱ ጉዳይ ይረሳል። ቀደም ብለው የጻፉልሽ ደብዳቤ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጥቀሺ፤ መዝገብ ቤቷ ፋይሉን በቁጥር ነው የምታወጣው።

ቀይ እስክሪብቶ የያዘውን ሰውዬም ሄደሽ ጠይቂው። «ጋሼ፣ ይህን ለምን ሰረዙት?» በዪው። በቀይ የሚያርም ሰው መጠየቅ ይወዳል። እኔም እወድ ነበር።

———

ቢሮ ሰለቸኝ፦

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ኮፒ አድርጌ ወሰድኩት። ይቅርታ አልጠይቅም።

———

ፈረቃ ላይ ነኝ፦

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፣ ነርስ ነኝ። ስለ ስልክ ንግግር ትንሽ ልጨምር።

እኛ ጋ ነርስ ለሐኪም ሌሊት ስትደውል ኤስባር የሚባል ቅደም ተከተል አለ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የመጣ ነው። መጀመሪያ አሁን የተፈጠረውን ትናገሪያለሽ። ቀጥሎ ለመረዳት የሚያስፈልገውን የኋላ ታሪክ። ከዚያ ችግሩ ምን እንደሚመስልሽ። በመጨረሻ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ።

እዚህ ስመጣ የከበደኝ የመጨረሻው ነበር። እኛ ስናድግ ታላቅን «እንዲህ ያድርጉ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ስደውል ታሪኩን ከሥሩ አወራለሁ፣ ሐኪሙ ራሱ እንዲደርስበት እጠብቃለሁ። ሰውየው ከእንቅልፉ ተነስቶ «ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» ይላል። አሁን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የ4 ቁጥር ታካሚ ኦክስጅን እየወረደ ነው፣ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ» እላለሁ። ቀሪውን በኋላ።

ሁለተኛው ነገር መልሶ ማንበብ ነው። በስልክ የመድኃኒት ትእዛዝ ስቀበል መጀመሪያ እጽፋለሁ፣ ከዚያ የጻፍኩትን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ እሱ «ልክ ነው» ይላል። «ገባኝ» ማለት አይበቃም። የገባኝ የመሰለኝ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። እህቴ፣ ሰዓትም፣ ቁጥርም፣ የገንዘብ መጠንም በስልክ ስትቀበዪ አንብቢላቸው። መጀመሪያ ይደብራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

———

ትራንዚቱ፦

ፈረቃ ላይ ነኝ ያለችው በእኛም ሥራ ይሠራል። የኮንቴነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አኃዝ ነው። በስልክ ሲነገር «ሃያ ስምንት፣ መቶ አርባ ሁለት» እያሉ አኃዞቹን እያጣመሩ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ ያሳስታል። አንድ በአንድ ነው መነገር ያለበት። የመጨረሻዋ አኃዝ ደግሞ ማረጋገጫ ናት፤ ከሌሎቹ ተሰልታ ነው የምትወጣው። ስልክሽ ላይ የሚያሰላ ነገር ካለሽ ቁጥሩን አስገቢው። ካልገጠመ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው። ሞጆ ከደረሱ በኋላ ከማወቅ ቢሮ ሆኖ ማወቅ ይሻላል።

———

ኮድ ጸሐፊው፦

ስለ ቴሌግራሙ እኔ ልበል።

ግሩፑን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ለእንኳን አደረሳችሁ፣ አንዱ ለሥራ። የሥራው ግሩፕ ውስጥ «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ የአበባ ሥዕል አይገባም። የተቀበለ ሰው መልእክቱ ላይ ምልክት ያድርግበት፣ በቃ። የዕለቱን የመኪና ዝርዝር ፒን አድርጊው። መኪና የተቀየረ እንደሆነ አዲስ መልእክት አትጻፉ፤ ፒን የተደረገውን አስተካክሉት። አለበለዚያ ሰው አሮጌውን ያነባል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። 05/02/17 ብሎ የጻፈ ሰው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለቱ ነው። እስታንቡል ያለው ሰውዬ ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5፣ 2017 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ኦክቶበር 15፣ 2024 ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ሩብ ዓመትም እንዲሁ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የእነሱ አንደኛ ሩብ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። «በአንደኛ ሩብ ዓመት እንልካለን» ከተባላችሁ ወሩን ጠይቁ።

የፋይል ነገር ደግሞ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሁንም ግን በድሮ ፎንት የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። እነሱ የላኩትን ስትገለብጡት የላቲን ፊደል ጥርቅም ይሆናል። በዩኒኮድ ይጻፍ በሉ። «ሠራተኛ»ና «ሰራተኛ» እየቀላቀላችሁ የምትጽፉ ደግሞ ፋይል ስትፈልጉ ለምን እንደማይገኝ አትገረሙ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ አያውቃቸውም። ቢያንስ በፋይል ስም ላይ አንዱን ምረጡ።

ቮይስ የሚልኩ ሰዎችንማ ተዉኝ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ «እእእ... ያው እንግዲህ...» ለማዳመጥ ነው እንዴ የምንከፈለው?

———

ትራንዚቱ፦

ኮድ ጸሐፊው፣ አንተ ቢሮ ውስጥ ነህ። የጭነት መኪና ሹፌር አዋሽ ቁልቁለት ላይ እየነዳ ይጻፍልህ? ለእነሱ ቮይስ ነው የሚያዋጣው። እኔ የማደርገው፣ ሹፌሩ ቮይስ ይልካል፣ እኔ ሰምቼ ሥሩ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ። «ሰሌዳ እንዲህ፣ ሚሌ አልፏል፣ ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት።» ሌላው ሰው ቮይሱን መክፈት አያስፈልገውም።

———

ኮድ ጸሐፊው፦

ይህ ተስማምቶኛል። ለሹፌር ይፈቀዳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቮይስ ለሚልክ ግን አሁንም የለም።

———

የሰው ሀብት ነገር፦

ቢሮ ሰለቸኝ «በጽሑፍ ያለ ያስወቅሳል» ላለው። እኔ የሰው ሀብት ክፍል ነኝ። ጽሑፍ ሠራተኛውንም ይጠብቃል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቂ ምክንያት ሳይኖረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ነገር ግን ማርፈዱ በጽሑፍ እየተነገረው መሆን አለበት። አለቃ «ስንቴ ነግሬዋለሁ!» ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። በቃል ነው የነገረው። በቃል የተነገረ ማስጠንቀቂያ ይዘን ብንቀርብ አያስኬደንም። የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ቀኑ ተጠቅሶ ነው የሚሰጠው። የሥራ ውልህ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል።

ለቡድን መሪዋ ግን ሌላ ነገር ልበልሽ። ሕጉ ጽሑፍ ይጠይቃል ማለት ሰውን በደብዳቤ ጀምሪው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለብቻው ጠርተሽ አናግሪው። ግሩፕ ውስጥ በፍጹም ሰውን አትውቀሺ። ስታናግሪው ደግሞ «አንተ ግዴለሽ ነህ» አትበዪው፤ ይከራከርሻል። «ሰኞና ረቡዕ መጋዘኑ የተከፈተው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሁለት መኪና በር ላይ ቆሟል» በዪው። በዚህ ላይ ምን ብሎ ይከራከራል? ምናልባት ቁልፉን የሚይዘው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። እሱንም የምትሰሚው ካናገርሽው ብቻ ነው።

———

የሂሳብ ክፍሏ፦

ስብሰባ ላይ አፌ ይተሳሰራል ላልሽው፣ እኔም ብቸኛዋ ሴት የሆንኩበት ስብሰባ ላይ ነው የምውለው።

አጀንዳው ቀድሞ ይምጣልኝ በዪ። ከመጣ፣ አንድ አጀንዳ ምረጪና ስለሱ አንድ ቁጥር ይዘሽ ግቢ። ሁሉም «በጣም ብዙ»፣ «ከጊዜ ወደ ጊዜ» እያለ ሲያወራ፣ «በዚህ ወር ለወደብ ኪራይ ይህን ያህል ብር ከፍለናል» ያለ ሰው ይሰማል። ንግግር መቻል አይጠይቅም፤ ወረቀት መያዝ ነው።

«ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፣ እኔ እንኳን ብዙ የምለው የለኝም፣ ቀደም ብለው የተናገሩት እንዳሉት...» የሚለውን መግቢያ ተዪው። እስከዚያ ድረስ ሰው ስልኩን አውጥቷል። በሐሳቡ ጀምሪ።

ካቋረጡሽ ድምፅሽን አትጨምሪ፣ ዝምም አትበዪ። «ይቅርታ፣ ልጨርስና» በዪና ካቆምሽበት ቀጥዪ። ሰብሳቢው ራሱ ቢሆንስ? እሱን እስኪጨርስ ጠብቂ፤ ከዚያ «ወደ ጀመርኩት ልመለስና» በዪ። እኔ ይህን ሳደርግ መጀመሪያ ልቤ ይደልቅ ነበር። አሁን እነሱ ናቸው የሚጠብቁኝ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ከጠፋ ደግሞ እጅሽን አውጪ። አሰልቺ ነው፣ ማንም አይፈልገውም፤ ግን ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው «ይቅርታ፣ የተወሰነው ምንድን ነው? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ማንም «ምን አገባሽ» አይልሽም። የእኛ ቃለ ጉባኤ ድሮ አምስት ገጽ ነበር፣ እገሌ እንዲህ አለ እገሌ እንዲህ መለሰ። አሁን አንድ ገጽ ነው፤ የተወሰነው፣ ባለቤቱና ቀኑ ብቻ። በዚያው ቀን ይላካል። በሳምንቱ የሚመጣ ቃለ ጉባኤን ማን ያነበዋል?

———

ቢሮ ሰለቸኝ፦

የሂሳብ ክፍሏ፣ ቃለ ጉባኤ ሁሌ ለሴቶች የሚሰጥበት ቢሮ ግን አለ። አንዴ ከያዝሽው ጸሐፊ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

———

የሂሳብ ክፍሏ፦

እውነትህን ነው፤ ይህን መጨመር ነበረብኝ። በተራ ይሁን። እኔ ሁለት ዙር ከያዝኩ በኋላ «ቀጣዩ ተራ የማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። ዝም ብዬ የሁሉንም ስም በፊደል ተራ ጻፍኩና ለሰብሳቢው ሰጠሁት። ሰብሳቢው የራሱን ስም ሲያይ ሳቀ፣ ግን ተራው ሲደርስ ያዘ።

———

ፈረቃ ላይ ነኝ፦

በእንግሊዝኛ ስለ መጻጻፍስ ማንም አላነሳም? አንቺ ከቱርክ ጋር ነው የምትሠሪው።

———

ትራንዚቱ፦

እሱን እኔ ልመልስ። የቱርኩም የቻይናውም ሰውዬ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ረዥም ኢሜይል ብትጽፊለት ወደ ማሽን ትርጉም ነው የሚያስገባው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ይሁን። ጥያቄ ሦስት ካለሽ በቁጥር ለይተሽ አስቀምጪ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን መልሶ ዝም ይላል። «በተቻለ ፍጥነት» አትበዪው፤ ቀን ስጪው። ለእሱ በተቻለ ፍጥነት ማለት የሚቀጥለው መርከብ ሊሆን ይችላል።

———

የሞጆ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

የጋሼን ደብዳቤ ድርጅቱንና ቀኑን አስተካክዬ አቀረብኩት። ባለ ቀይ እስክሪብቶው አንድ ኮማ ብቻ ጨምሮ ፈረመ። ከአጓጓዡ መልስ መጥቷል፤ ተስማምተዋል፣ ግን 24 ሰዓቱን ወደ 12 ሰዓት አውርደውታል። ይሁን ብያለሁ።

ግሩፑን ከፈልኩት። የመጀመሪያው ቀን የመጋዘን ኃላፊው አዲሱ የሥራ ግሩፕ ውስጥ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ለጠፈ። ማጥፋት ፈራሁ። ለብቻው ጻፍኩለት፣ ራሱ አነሳው።

አለቃዬ ጋ ግን ግማሽ ነው የተሳካልኝ። «አሁን እንዳወራነው» እያልኩ እልክለታለሁ። አንዳንዴ ምልክት ያደርግበታል፣ አንዳንዴ አያየውም። ትናንት ግን ፋይናንስ አንድ ክፍያ ሲጠይቀው መልእክቴን ራሱ ፎርዋርድ አደረገላቸው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባለ ሳይት፣ ዝም ካለ ልቀጥል ነው ወይስ ሁለተኛ ልጠይቅ? የገንዘቡ መጠን ትልቅ ሲሆን ዝምታውን እንደ መስማማት መቁጠር ያስፈራኛል። ጋሼ ደግሞ፣ ለፋይናንስ ግልባጭ ባደርግ አለቃዬ ይቀየመኛል?

———

ባለ ሳይት፦

ገንዘብ ካለበት አትቀጥዪ። የእኛ ሥራ ላይ ዝምታው የሚያስኬደው ውሉ ላይ ስለተጻፈ ነው፤ አንቺ እንዲያ ዓይነት ውል የለሽም። ትንሽ ሥራ ከሆነ «እቀጥላለሁ» በዪ። ክፍያ የሚያስወጣ ከሆነ ግን መጨረሻዋን ቀይሪያት፤ «እሺ እስኪሉኝ ባንክ አልሄድም።» ያኔ ዝም ካለ የሚዘገየው የራሱ ሥራ ስለሆነ ይመልስልሻል።

———

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት፦

ግልባጩን ሳትነግሪው አታድርጊ። «ክፍያ ስላለበት ለፋይናንስ ግልባጭ ባደርግ ምን ይላሉ?» ብለሽ አንድ ጊዜ ጠይቂው። እሺ ካለ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አድርጊ። ለእሱ አለቃ ግን ግልባጭ እንዳታደርጊ፤ የሚቀየምሽ ያኔ ነው።

ለአጓጓዡም የ12 ሰዓቱን መስማማትሽን በደብዳቤ መልሺላቸው፤ የእነሱን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሰሽ። «ይሁን» ያልሽው እዚህ ለእኛ ነው እንጂ ለእነሱ አልጻፍሽም።

———

የሞጆ መንገደኛ፦

እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አልጻፍኩም። አሁኑኑ አረቀዋለሁ።